ልጆችን መውደድ ክፍል ለመያዝ ይበቃል?

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። የቅድመ መደበኛ ትምህርት የ3ኛ ዓመት ተማሪ መሆንሽን ነግረሽኛል። ውጤትሽ ጥሩ ነው፤ በሚቀጥለው ሰሚስተር ግን ለተግባር ልምምድ የ4 ዓመት ልጆች ክፍል ትገቢያለሽ። «ልጆች እወዳለሁ፣ ክፍሉን መያዝ የምችል ግን አይመስለኝም» ብለሻል።

ፍቅሩ የግድ ነው። ክፍሉን የሚይዝልሽ ግን ልጆቹን ማየት መቻልሽ ነው። እሱ ደግሞ በልምምድ ይመጣል፤ ሰሚስተሩን አትጠብቂ።

አንድ መዋዕለ ሕፃናት አስፈቅጂና በሳምንት አንድ ጠዋት ተቀመጪ። አንድ ልጅ ምረጪ። ለ10 ደቂቃ ያየሽውን ብቻ ጻፊ፤ ስሙን አትጻፊ። «ረባሽ ነው» ማለት ፍርድ ነው። «ተረት ሲነበብ 3 ጊዜ ተነሳ፤ ሥዕሉን ሲያሳዩት ተመልሶ ተቀመጠ» ካልሽ ግን የነገ ሥራሽን አገኘሽ፦ ሥዕሉ በደንብ ወደሚታይበት አስጠጊው። «ረባሽ» ከሚለው ምን ታገኛለሽ? ምንም።

ለትምህርቱም ያው ነው። አንዲት ልጅ እስከ 20 ስትቆጥር ትሰሚና ቁጥር ያወቀች ይመስልሻል። «5 ቆርኪ ስጪኝ» ስትያት እፍኝ ሙሉ ዘግና ትሰጥሻለች። ቃሎቹን በቃሏ ይዛለች፤ ብዛቱ ግን ገና አልገባትም። አብረሻት እያንዳንዱን ቆርኪ እየነካችሁ ስትቆጥሩ ትደርስበታለች። የሥነ ልቦና ምሁሩ ቪጎትስኪ ልጅ ብቻውን የማይችለውን በሰው እገዛ ይችላል ያለውን ለፈተና አጥንተሽው ይሆናል፤ ክፍል ውስጥ መልኩ ይሄ ነው።

ስትጠይቂም «ይሄ ምን ቀለም ነው?» ላይ አትቁሚ። «እንዴት ሠራሽው?» በያትና ዝም በይ። ዝምታው ይከብድሻል፤ ብዙ ጀማሪ መምህራን ራሳቸው ይመልሱታል። ልጅ ለማሰብ ጊዜ ይፈልጋል።

የፈራሽው ትርምስ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሲታለፍ ነው። ሁሉም እጅ ለመታጠብ ተሰልፎ ሲጠብቅ መገፋፋት ይጀመራል። ስለዚህ በዕቅድሽ ላይ ትምህርቱን ብቻ ሳይሆን መሸጋገሪያውንም ጻፊ፦ ማን ቀድሞ ይሄዳል፣ የቀሩት ምን ይዘምራሉ። አዋጅ የሚመስል ድምፅ አያስፈልግሽም። ጎንበስ ብለሽ፣ ዓይን ለዓይን እየተያያችሁ፣ «አትሩጥ» ከማለት «ቀስ ብለህ ሂድ» በይው።

ልምምዱ ሲጀመር የክፍሉን መምህርት አንድ ነገር ብቻ እንድታይልሽ ጠይቂያት፤ ለምሳሌ ጥያቄ ጠይቀሽ ምን ያህል እንደምትታገሺ። በሚቀጥለው ቀን ሌላ። ሁሉንም በአንዴ ገምግሚኝ ካልሻት «ጎበዝ ነሽ» ተብለሽ ትመለሻለሽ፤ እሱ ደግሞ አያሠራሽም።