ሚዜ ልትሆን ነው፣ መጠጥም አትችልም? ጠዋቱን ተጠንቀቅ

«የቅርብ ጓደኛዬ አንደኛ ሚዜ አድርጎኛል፣ እኔ ደግሞ ሁለት ቢራ ያዞረኛል፤ ሳልዋረድ እንዴት ልወጣው?» ብለህ የጠየቅከው ወንድሜ፣ የተሰጡህን መልሶች አነበብኳቸው። «ውሃ ጠጣ»፣ «ቀስ በል» ብለውሃል። ክፉ ምክር አይደለም። ግን የመከሩህ ሰዎች ሚዜ ሆነው የሚያውቁ አልመሰለኝም። እኔ በጓደኞቼ ዘንድ ተፈላጊ ሚዜ ነኝ። ብዙ ሰርግ ላይ ቆሜ፣ የመልሱ ድግስ እስኪያልቅ ድረስ ቀጥ ብዬ ነው የሄድኩት። በዚህ እኮራለሁ። ስለዚህ ስማኝ።

1ኛ፦ የሚጥልህ ማታ የምትጠጣው አይደለም፤ ጠዋት የምትቀምሰው ነው። ሚዜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሙሽራው ቤት ነው። ሱፍ ይተኮሳል፣ አበባ ይለጠፋል፣ ካሜራማኑ «እንደገና ግቡ» ይላል። ቁርስ የሚያስታውስ የለም። በዚህ መሃል አንድ አጎት አረቄ ይዞ ይመጣል። «አንድ መለኪያ ብቻ፣ ለብርዱ።» ዳግም አረቄ ከሆነ ወደ 45 በመቶ ይጠጋል፤ አንዷ መለኪያ ከአንድ ጠርሙስ ቢራ አታንስም። ከዚያ ሙሽሪት ቤት፣ ከዚያ ፎቶ። ፎቶው ላይ ደግሞ ሻምፓኝ ይከፈታል። ጋዝ ያለው መጠጥ በባዶ ሆድ ሲሆን ቶሎ ነው ደም ውስጥ የሚገባው። እህል የምታገኘው እንግዳው ሁሉ ከተስተናገደ በኋላ፣ ወደ 9 ሰዓት ነው።

ስለዚህ ከቤትህ በልተህ ውጣ። ዳቦ በሻይ አይደለም የምልህ። ጨጨብሳ ወይም ገንፎ፣ እንቁላልም ጨምርበት፤ ሆድ ውስጥ የሚቆይ ነገር ይሁን። ኪስህ ውስጥ ቆሎ ያዝ። አዳራሹ ውስጥ ቀድመው ያበሉኛል ብለህ እንዳትጠብቅ። አንዴ ለሚዜዎች ትንሽ ነገር እንዲያቀርቡልን የመስተንግዶ ኃላፊዋን ብጠይቃት፣ ሰው ፊት «ሙሽራ ሳይነሳ አንተ ልትበላ ነው?» ብላኛለች። እስካሁን ያንገበግበኛል።

2ኛ፦ የመኪና ቁልፍ እጅህ አይግባ። ብዙ ገንዘብ ያስከፈለን ይሄ ነው። አብሮኝ ሚዜ የነበረ ልጅ የሙሽራውን መኪና የሚነዳው እሱ ነበር። ሹፌር ለመቆጠብ ሲባል መኪናው ብቻ ተከራይቶ ነው። ልጁ ጠዋት የአጎትየውን አረቄ ቀምሷል፣ ፎቶው ላይ ሻምፓኝ ጨምሯል። ዓይኑን አይቼ «እኔ ልንዳ» አልኩት። እምቢ አለ። ጥቁር ቡና ጠጣና «ለቆኛል» ብሎ መሪ ያዘ። ቡና እንቅልፍ ያባርራል እንጂ አልኮልን ከደም አያወጣም። ጉበት በሰዓት ቢያጠፋ አንድ ቢራ ያህል ነው። ፊት መታጠብም፣ ማስመለስም አያፈጥነውም። አዳራሹ በር ላይ የቆመ ሚኒባስ ገጨ። ሰው አልተጎዳም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የሙሽራው መኪና ግን የፊት መብራቱና ኮፈኑ ሄደ።

ኢንሹራንሱ ሹፌሩ ጠጥቷል ብሎ አልከፍልም አለ። በማግስቱ እኔና የሙሽራው ወንድም አከራዩ ዘንድ ሄድን። ሰውዬው ቁጭ በሉ እንኳን አላለንም። ስልኩን እየነካካ «ሰካራም ለምን ታስነዳላችሁ?» አለን። እኔ ጠብታ ያልቀመስኩት! ማስያዣውን ሙሉ በሙሉ ወሰደ፣ ለማሠሪያም ጨምሩ አለ። ሙሽራው ለጫጉላ ያስቀመጠውን ብር አወጣ፣ የቀረውን እኛ ሚዜዎች አዋጣን። አረቄውን የቀዳው አጎት ደግሞ በመልሱ ቀን «የዛሬ ልጆች መጠጥ አትችሉም» እያለ ይስቅብን ነበር። አንድ ሰው «አንተ እኮ ነህ የቀዳህለት» ያለው የለም። እኔም ለሙሽራው ስል ዝም አልኩ።

ስለ መልሱ ካነሳሁ አይቀር፣ ለአንተ ከባዱ ቀን እሱ ነው። ጠጅ አለ፣ የሙሽሪት ዘመዶች ደግሞ ዓይናቸው ሚዜ ላይ ነው። ጠጅ ጣፋጭ ስለሆነ ጥንካሬው አይታወቅም። አንዱ ቤት ከቢራ ብዙም አይበልጥም፣ ሌላው ቤት ወይን ያህል ነው። ቀጂዋ ብርሌህ በጎደለ ቁጥር ትሞላዋለች። ስንት እንደጠጣህ መቁጠር አትችልም። መፍትሔው ብርሌውን አለማጉደል ነው። እኛ ዘንድ አልቀበልም ማለት ያስቀይማል፤ ተቀብሎ አለመጨረስ ግን ማንንም አያስቀይምም። በሁለት እጅህ ተቀበል፣ ከንፈርህን አስነካ፣ አስቀምጥ። «በሞቴ» ሲሉህ እንደገና አንሳና አስነካ። ብርዝ ካለ ጠይቅ። መልኩ ከጠጅ ጋር ስለሚመሳሰል ማንም አይጨቀጭቅህም። ቢራ ከሆነ አስተናጋጁን ባዶ ጠርሙሱን አታንሳብኝ በለው፤ የጠጣኸውን ዓይንህ ያየዋል።

«መድኃኒት ላይ ነኝ» ብለህ አትዋሽ። ምን አመመህ፣ የት ታከምክ ይመጣል፤ እናቶች ከያዙህ አይለቁህም። በእውነት ለአሜባ ወይም ለጃርዲያ ሜትሮኒዳዞል ወይም ቲኒዳዞል እየወሰድክ ከሆነ ግን ጠጅም ቢራም አትንካ። ከጨረስክ በኋላም 3 ቀን ጠብቅ። ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ልብ ያስመታል፣ ያስመልሳል። የሰርግ ሰሞን ይሄንን መድኃኒት የሚውጥ ብዙ ነው።

የመኪናውን ነገር ዛሬውኑ ከሙሽራው ጋር ተነጋገርበት። ባለ ሹፌር መኪና ይከራይ፤ የሹፌሩ ሒሳብ እኛ ከከፈልነው ጋር አይወዳደርም። ሹፌሩንም ጠዋት ከእናንተ ጋር ቁርስ አብሉት፣ አረቄው ሲዞር ደግሞ አጠገቡ ቁም።