የሲንድ ሂንዱዎችና የሱፊ ወሊዎቻቸው

ጥያቄ፦ በዱባይ በአንድ የሂንዱ ቤተሰብ ቤት እሠራለሁ። አሠሪዎቼ ሲንዲ ነን ይላሉ። በጸሎት ስፍራቸው ነጭ ጢም ያላቸው አዛውንት በዓሣ ላይ ተቀምጠው የሚያሳይ ሥዕል አለ፤ በበዓላቸው ቀን ግን ቀለንደር የሚባሉ የሙስሊም ወሊ የሚወደሱበትን ዜማ በእንባ ሲያዜሙ እሰማለሁ። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?

መልስ፦ በሥዕሉ ላይ ያሉት አዛውንት ጁሌላል ናቸው፤ የሲንድ ሂንዱዎች ከኢንዱስ ወንዝ ጋር አያይዘው ያመልኳቸዋል። ዛሬ በፓኪስታን በሚገኘው የሲንድ ክፍለ ሀገር፣ ኡዴሮ ላል በተባለ ስፍራ፣ የሂንዱ ቤተ መቅደስና የሙስሊም መቃብር በአንድ ግቢ ይገኛሉ፤ ሂንዱዎቹ ጁሌላል የሚሏቸውን ሙስሊሞቹ ሼህ ጣሂር ብለው ይዘይሯቸዋል። ቀለንደር የተባሉትም በሲንድ በምትገኘው በሴህዋን ከተማ የተቀበሩት፣ በ1274 እ.ኤ.አ. ያረፉት ሱፊ (የእስልምና መንፈሳዊ መንገድ ተከታይ) ላል ሻህባዝ ቀለንደር ሲሆኑ፣ በመቃብራቸው ዓመታዊ በዓል ሂና ከሚያቀርቡት መካከል የሂንዱ ቤተሰቦችም ነበሩ። በሰሙት ዜማ ውስጥ «ጁሌ ላል» የሚለው ጥሪ መኖሩን ልብ ቢሉ፣ አሠሪዎችዎ የሌላ ሃይማኖት ዜማ ተውሰው ሳይሆን ከአያቶቻቸው የወረሱትን እንደሚያዜሙ ይረዳሉ።

በ1947 እ.ኤ.አ. ሕንድ ስትከፈል ፑንጃብና ቤንጋል ለሁለት ሲገመሱ ሲንድ ግን ሙሉ በሙሉ ለፓኪስታን ስለ ደረሰች፣ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ሂንዱዎች የእኛ የሚሉት አንድም የሲንድ ቁራጭ በሕንድ ሳይኖራቸው ተሰደዱ። ብዙዎቹ በቦምቤይ አቅራቢያ በነበረውና በኋላ ኡልሃስናጋር በተባለው የካልያን የጦር ካምፕ ሰፈሩ። መቃብሩም ወንዙም ከድንበር ማዶ ቀሩ። ሆኖም ለጁሌላል የሚሰናዳውን መብራትና መሥዋዕት ባገኙት ወንዝ ወይም ባሕር ዳር ማቅረብ ይቻል ነበርና ሥርዓቱ አብሯቸው ተሰደደ፤ እንዲያውም ጁሌላል የሲንዲዎች ሁሉ መለያ ሆነው ጎልተው የወጡት ከስደቱ በኋላ ነው። የሱፊውንም ወግ አልተዉትም፤ የሙስሊሙ መምህር የቁጥብ አሊ ሻህ ሂንዱ ደቀ መዝሙር ሮቻልዳስ በኡልሃስናጋር ጉባኤ አቋቁመው ትምህርቱን አስቀጥለዋል።

እኔን የሚያሳስበኝ የግጥሙ ዕጣ ነው። የታላቁ ሱፊ ባለቅኔ የሻህ አብዱል ለጢፍ ስንኞች በሲንድ በዐረብኛ ፊደል ይነበባሉ፤ በሕንድና በባሕረ ሰላጤው ያደጉት ብዙዎቹ ልጆች ግን ያንን ፊደል ስለማያነቡ፣ የሚደርሳቸው በዜማ የተያዘው ብቻ ነው። በመጋቢት ወይም በሚያዝያ የሚውለው የቼቲ ቻንድ በዓል፣ ማለትም የሲንዲዎች አዲስ ዓመትና የጁሌላል ልደት፣ ሲደርስ፣ የቤቱን አዛውንቶች የትኛውን ስንኝ በቃላቸው እንደሚያውቁ ቢጠይቋቸው፣ ከእኔ የተሻለ መልስ ያገኛሉ።