ከኦፕራሲዮን በኋላ በምግብ መሃል ምን ይቀመስ? ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ሰላም ናችሁ። ቀዶ ሕክምና ክፍል 12 ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። አንጀቱን ወይም ጨጓራውን ኦፕራሲዮን የተደረገ፣ ወይም ኩላሊቱን የሚያመው ሰው ግን መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ። በሉ እንጀምር።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ በኦፕራሲዮን ከወለድኩ ሁለት ሳምንቴ ነው። ቤተሰብ ቀኑን ሙሉ መረቅና አጥሚት ያጠጣኛል። ይበቃል?

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ! አይበቃም፣ የኔ እህት። መረቅ አብዛኛው ውሃ ነው። ፕሮቲኑ ያለው ሥጋው ላይ ነው፤ እሱን ደግሞ ጠያቂ ይበላዋል። ሥጋውን ብዪው! አጥሚቱንም በወተት ይሥሩልሽ። ከኦፕራሲዮን የሚያገግም ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎው ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ይፈልጋል። 60 ኪሎ ከሆንሽ ከ72 እስከ 90 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ገደማ አለው። በሦስት ማዕድ ብቻ አይሞላም። አራት ሰዓት ላይ ሁለት ቅቅል እንቁላል፣ አሥር ሰዓት ላይ አይብ በቂጣ፣ ማታ የፈላ ወተት።

ጥያቄ፦ አማቴ እንቁላል ቁስል ያመግላል ይላሉ።

መልስ፦ አያመግልም። ቁስል የሚያመግለው ጀርም ነው። ከቀላ፣ ከሸተተ ወይም ካተኮሰሽ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂጂ።

ጥያቄ፦ የትኛው የፕሮቲን ዱቄት ይሻላል?

መልስ፦ እሱን የጂም ሰዎችን ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ሐሞት ከረጢቴ ከወጣ ወር ሆነኝ። ጾመኛ ነኝ። ምን ልቅመስ?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ሽምብራ! 100 ግራም ደረቅ ሽምብራ 20 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፤ ገብስ የዚያን ግማሽ ያህል ነው። ስለዚህ ቆሎው ሲቆላ ሽምብራ ይብዛበት። ጥርስ ካስቸገረ ንፍሮ አለ፤ ሽምብራና ስንዴ አንድ ላይ። አንድ ጭብጥ ለውዝም 7 ግራም ገደማ አይጠፋውም። አንተ ግን ቅባቱ እስኪስማማህ ጥቂት ጥቂት በል። ውሃም ጠጣ፤ የሕመም ማስታገሻ አንዳንዱ ሆድ ያደርቃል።

አንድ አባል፦ የታመመ ሰው ምን ጾም አለበት?

ሌላ አባል፦ አንተ ማን ሆነህ ነው የምትፈታው? የንስሐ አባቱን ይጠይቅ እንጂ!

የመጀመሪያው አባል፦ ጠይቄ ነው የምናገረው።

መልስ፦ ኧረ ተዉ! ሽምብራው የጾም ነው አልኳችሁ እኮ።

ጥያቄ፦ ክትፎ ለብለብስ?

መልስ፦ ይብሰል።

ጥያቄ፦ ኦፕራሲዮን ሆኛለሁ፣ ምን ልብላ?

መልስ፦ የምን ኦፕራሲዮን? መቼ? ኩላሊትህስ ደህና ነው? እንዲህ ከተጠየቅኩ ምን ብዬ ልመልስ?

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ መረቅ ብቻውን ይበቃል?

መልስ፦ ከላይ አንብቡ! ሥጋውን ብሉት።