የተለያየ ደረጃ ያላቸው ዘሮች ሲካፈሉ

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከባሕር ዳር ነው። ሐይቁ ዳር ትንሽ ሱቅ አለችኝ፤ ማታ ገበያው ሲቀዘቅዝ የ9ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችውን ታናሽ እህቴን የቤት ሥራ አስጠናታለሁ። ሰሞኑን «√8 ለ∛4 ሲካፈል ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ገጠመን። እሷ 8ን ለ4 አካፍላ «√2 ነው» ትላለች። የመጽሐፉ መልስ 2^(5/6) ነው፤ እኔ ይህንኑ በስልኬ ማስያ ብሞክረው 5.33 አለኝ። ማንን እንመን?

መልስ፦ መጽሐፉን ይመኑ። ሁለት ዘሮች (በ√ ወይም በ∛ ምልክት የሚጻፉ ቁጥሮች) በአንድ ምልክት ሥር ገብተው የሚካፈሉት ደረጃቸው አንድ ሲሆን ነው፤ ጥያቄው √8 ለ√4 ቢሆን ኖሮ የእህትዎ መልስ ትክክል ይሆን ነበር። እዚህ ግን አንዱ ዳግም ዘር (√፣ ደረጃው 2)፣ ሌላው ሣልስ ዘር (∛፣ ደረጃው 3) ስለሆነ፣ የሠራችው ሥራ በቁና የተሰፈረን ጤፍ በጣሳ ከተሰፈረው ጋር ቁጥሩን ብቻ አይቶ እንደ ማወዳደር ነው።

መስፈሪያውን አንድ የሚያደርገው ክፍልፋይ አርቢ ነው፤ አርቢ ማለት በ2^(5/6) ውስጥ እንዳለው 5/6 ነው፣ 2 ደግሞ ተራቢው ነው። √2 በራሱ ሲባዛ 2 ስለሚሰጥ፣ 1/2 እና 1/2 ሲደመሩም 1 ስለሚሆኑ፣ √2ን 2^(1/2) ብሎ መጻፍ ይቻላል። በዚሁ መንገድ 8 ማለት 2³ በመሆኑ √8 2^(3/2) ይሆናል፤ 4 ማለት 2² በመሆኑም ∛4 2^(2/3) ይሆናል፤ የዘሩ ደረጃ ምንጊዜም የክፍልፋዩ ታሕት (ከታች ያለው ቁጥር) ነው። ተራቢያቸው አንድ የሆኑ ቁጥሮች ሲካፈሉ አርቢዎቻቸው ስለሚቀናነሱ፣ ከ9/6 ላይ 4/6 ሲቀነስ 5/6 ይቀራል። ስለዚህ መልሱ 2^(5/6)፣ ወደ ዘር ሲመለስ ⁶√32፣ በአስርዮሽ ደግሞ 1.78 ገደማ ነው። √2 ግን 1.41 ገደማ ብቻ ነው።

የስልክዎ 5.33 የመጣው በቅንፍ ጉድለት ነው፤ ማስያው በመጀመሪያ 2ን በ5 አርብቶ 32 አገኘ፣ ከዚያም ለ6 አካፈለው። 5/6ን በቅንፍ ውስጥ ቢያስገቡት ትክክለኛውን ይሰጥዎታል።

ተራቢው ነጌቲቭ ሲሆን ግን ይህ መንገድ ያሳስታል። የ-8 ሣልስ ዘር -2 ነው። ነገር ግን 1/3ን በእኩያው በ2/6 ተክተን -8ን አስቀድመን በ2 ብናረባው 64 ይሆናል፤ የ64 ስድስተኛ ዘር ደግሞ 2 ነው። ክፍልፋዮቹ እኩል ሆነው ሳለ መልሱ ምልክቱን ቀየረ። መጻሕፍት ከሕጉ ጎን «ሀ > 0» (ተራቢው ሀ ከዜሮ ይበልጣል) ብለው የሚጽፉት በዚህ ምክንያት ነውና፣ እህትዎ ያቺን አጭር ጽሑፍ እንዳትዘላት ያሳስቧት።