መልስ፦ 9 ተጭነን ሞባይል ስንደውል ዜሮው ለምን ይጠፋል?

ሰላም። በሲስኮ ራውተር፣ በኤፍኤክስኦ መስመር (ራውተሩን ከውጭው የስልክ መስመር ጋር በሚያገናኘው)፣ ወደ ውጭ ለመውጣት 9 ተጭነው ሞባይል ሲደውሉ «የደወሉት ቁጥር ትክክል አይደለም» ይላል፤ ዴስቲኔሽን-ፓተርኑም (የሚደወለው ቁጥር የሚመሳሰልበት ቅጽ) 90[1-9]........ (ስምንት ነጥብ፤ እያንዳንዱ ለማንኛውም አንድ አሃዝ) ነው ብለዋል።

ፓተርኑ ልክ ነው። ነገር ግን ፖትስ ዲያል-ፒር (ጥሪውን ወደ ተራው የስልክ መስመር የሚመራው ደንብ) ከግራ በኩል በግልጽ የተጻፉትን አሃዞች ቆርጦ ይጥላል። እዚህ 9ኙም 0ውም ይሄዳሉ፤ በቅንፍና በነጥብ የተያዙት ግን ይቀራሉ። ስለዚህ 0911 ብሎ የሚጀምረው ቁጥር ወደ መስመሩ የሚወጣው 911 ብሎ፣ በዘጠኝ አሃዝ ነው። ዲያል-ፒሩ ውስጥ ገብተው «ፎርዋርድ-ዲጂትስ 10» ይጻፉ፤ ከቀኝ ያሉትን አሥር አሃዞች ይልካል። ከፊት 0 የሚጨምረው «ፕሪፊክስ 0»ም ይሠራል፤ ሁለቱን አብረው ካስገቡ ግን ዜሮው ይደገማል።

9ቲ (9 እና ከኋላው ርዝመቱ ያልተወሰነ ቁጥር) የሚለውን የፓተርን አቋራጭ አልመክርም። ቲ ቁጥሩ የት እንደሚያልቅ ስለማያውቅ፣ ደዋዩ # ካልተጫነ በቀር ኢንተርዲጂት ታይምአውቱ (ቀጣዩ አሃዝ የሚጠበቅበት ጊዜ፤ ካልቀየሩት 10 ሰከንድ) እስኪያልቅ ይጠብቃል።

ከሁሉ በላይ ፖሊስን አይርሱ! 991 በ9 ስለሚጀምር በ9ቲ በኩል 91 ሆኖ ይወጣል። ለብቻው ዲያል-ፒር ይስጡትና «ፎርዋርድ-ዲጂትስ ኦል» ይጨምሩበት፤ ያለዚያ ሦስቱም አሃዞች ተቆርጠው መስመሩ ላይ ምንም ቁጥር አይወጣም። ከዚያ «ሾው ዲያልፕላን ነምበር 991» ብለው የትኛው ዲያል-ፒር እንደሚያዝ ይመልከቱ።