ብቻህን ልትኖር ከሆነ፣ መጀመሪያ የውሃ መዝጊያውን ፈልግ

«ከቤተሰብ ልወጣ ነው፤ ከምግብ ማብሰል ሌላ ምን ልወቅ?» ላልከው፣ እኔ የምጀምረው ከውሃ ነው። ገና ዕቃህን ሳታስገባ ዋናው የውሃ መዝጊያ የት እንዳለ ፈልግ። አግኝተህም አትተወው፤ በእጅህ ዝጋውና ክፈተው። ለዓመታት ያልተነካ መዝጊያ ዝጎ ሊጣበቅ ይችላል። እኔ ይህን የተማርኩት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። የእጅ መታጠቢያው ቱቦ ፈንድቶ፣ ካልሲዬ እስኪበሰብስ በየቁም ሳጥኑ መዝጊያ ስፈልግ ነበር። ለካስ ወጥ ቤት፣ ሲንኩ ስር፣ ከባልዲው ጀርባ ኖሯል!

የመብራቱንም ብሬከር፣ ችግር ሲኖር መብራቱን በራሱ የሚያቋርጠውን ማብሪያ፣ እወቀው። ሲወርድ መልሰህ ታነሳዋለህ። ወዲያው ደግሞ ከወረደ ግን አትታገለው። የተሰኩትን ዕቃዎች በሙሉ ንቀልና አንሳው፤ ከዚያ አንድ በአንድ እየመለስክ ሞክር። ጥፋተኛው ራሱን ያጋልጣል። ምንም ሳይሰካም ከወረደ ባለሙያ ጥራ።

ምግብ ከተረፈህ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገባው፤ «ይቀዝቅዝ ብዬ» እያልክ ውጭ አታሳድረው። በተለይ ሩዝ፦ ብታሞቀውም የማይጠፋ መርዝ ሊፈጠርበት ይችላል።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ብቻ፤ ደመወዝ በገባ ቀን ቀድመህ ኪራዩን ለይ። በቀረው እንደፈለግክ ሁን።