ስለ 2147483647 ለጠየቅከው

ወንድሜ፣ የደንበኞችህ ስልክ በሙሉ 2147483647 ሆኖ ስለመጣብህ «ቫይረስ ነው ወይስ ቁጥሩ የተለየ ነገር አለው?» ብለሃል። ቫይረስ አይደለም። ዳታቤዝ ላይ ስሠራ ስለኖርኩ ይህን ቁጥር ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

የስልኩን ኮለም (ዓምድ) የሠራው ሰው ዓይነቱን «ኢንት»፣ ማለትም ሙሉ ቁጥር፣ ብሎታል። ኢንት 32 ቢት ነው፤ ቢት ማለት 0 ወይም 1 የሚይዝ አንድ ቦታ ነው። አንዱ ቢት ለኔጋቲቭ ምልክት ይሄዳል፣ 31 ይቀራል። 31 ሁለቶችን አባዝተህ 1 ስትቀንስ 2147483647 ታገኛለህ። ከዚያ በላይ አይይዝም። በ09 የሚጀምር ስልክ ስታስገባ ዜሮዋ ትበላለች እንጂ ቁጥሩ ይገባል፤ ቢሊዮን አይሞላማ። ከፊቱ 251 ስትጨምርበት ግን 251 ቢሊዮን ገባ። ማይኤስኪውኤል (ዳታቤዙን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም) ጥብቅ ሞዱ፣ ማለትም የማይሆን ዳታ አልቀበልም የሚልበት ቅንብር፣ ከጠፋ «አልችልም» ብሎ አያቆምህም። የሚችለውን ትልቁን ቁጥር ጽፎ ያልፋል። አንድ ድርጅት ውስጥ ይኸው ሲደርስ አይቻለሁ፤ የተረፉት ዋናው የኤክሴል ፋይል ስላልጠፋ ብቻ ነው።

አሁን ወደሚጥመው ልምጣ። ቁጥሩ ፕራይም ነው፤ ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም። ይህ ዝም ብሎ የሚገኝ ነገር እንዳይመስልህ። 11 ሁለቶችን አባዝተህ 1 ብትቀንስ 2047 ይመጣል፣ እሱ ግን 23 ሲባዛ በ89 ነው።

ፕራይምነቱን ያረጋገጠው የሒሳብ ሊቁ ኦይለር ነው፣ በ1772 እ.ኤ.አ.፣ ያውም ዓይኑ ከደከመ በኋላ። ኮምፒውተር የለ፣ ካልኩሌተር የለ! አካፋይ ቢኖረው ቢያንስ አንዱ ከ46340 አይበልጥም። ያን ሁሉ መሞከር ደግሞ ያሰለቻል። ኦይለር ግን ማንኛውም ፕራይም አካፋይ ለ248 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 63 መሆን እንዳለበት ያውቃል። ስለዚህ እጩዎቹ ከ400 በታች ወረዱ፦ 63፣ 249፣ 311፣ 497 እያለ ይቀጥላል። 63ን፣ 249ን እና 497ን ዝለላቸው፣ ራሳቸው ፕራይም አይደሉም። 311ን ሞክር፤ 35 ይተርፋል። በዚሁ እስከ መጨረሻው ትሄዳለህ፣ አንድም አያካፍለውም። እኔ ይቺን ዘዴ ከቁጥሩ በላይ ነው የምወዳት።

ከዚሁ ከ2147483647 ደግሞ 2305843008139952128 የሚባል ፍጹም ቁጥር ይወለዳል። ፍጹም ማለት ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን የሚሰጡ ነው፤ 6 ለምሳሌ 1+2+3 ነው። ባርሎው የተባለ እንግሊዛዊ በ1811 ከዚህ የሚበልጥ ፍጹም ቁጥር ማንም አይፈልግም ብሎ ነበር። በ1876 ሉካስ የተባለ የሒሳብ ሰው እጅግ የሚበልጥ አገኘ።

በነገራችን ላይ ብዙ የቆዩ ሲስተሞች ሰዓትን የሚይዙት ከ1970 እ.ኤ.አ. መባቻ ጀምሮ ሰከንድ እየቆጠሩ፣ በዚሁ 32 ቢት ነው። የሚሞላው ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ነው። በእኛ ጥር 11 ቀን 2030፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። አዎ፣ የጥምቀት ዕለት! ቀጣዩ ሰከንድ ላይ ያልታደሰ ማሽን ወደ 1901 እ.ኤ.አ. ይመለሳል።

ወደ አንተ ጉዳይ ስመለስ፦ መጀመሪያ ባክአፕ ያዝ። ኮለሙን ወደ ቫርቻር (የጽሑፍ ዓይነት) ቀይረው፤ ስልክ አይደመርም፣ አይቀነስም፣ ጽሑፍ ነው። ቢግኢንት (ትልልቅ ቁጥር የሚይዝ ዓይነት) በል የሚልህ ይኖራል፤ ያው ዜሮዋን እና የመደመር ምልክቷን ይበላል። ጥብቅ ሞዱን አብራው። የጠፉት ስልኮች ከዳታቤዙ አይገኙም፣ ከዋናው ፋይል እንደገና አስገባቸው። ፋይሉ ኤክሴል ከሆነ ኮለሙ «ቴክስት» መሆኑን አስቀድመህ እይ።